ለገጹ ወይስ ለደምሰው

በዚያ ዘመን ድረ ገጾች ሁሉ በማሽን ተኩለው አንድ መልክ ስለያዙ የኢንተርኔቱ ሕግ ተለወጠ። ባለቤቱ ለማንም ያልነገረውን የቤቱን እውነት በየጠዋቱ ካልጻፈበት፣ ገጹ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ፈላጊም አያገኘው።

የጎሬው ጃንጥላ ጠጋኝ ደምሰው በዚህ ሕግ ሰው ሆኖ ነበር። ጢሙን ቀለም እንደሚቀባ ጻፈ፤ ከመቱ ከተማ ድረስ ደንበኛ መጣለት። መብረቅ ሲጮህ አልጋ ሥር እንደሚገባ ጻፈ፤ ሱቁ ሞላ። በእንቅልፏ የምታወራው ሚስቱ የትምወርቅ ግን አፏን በነጠላ አስራ መተኛት ጀመረች።

ክረምት ሊገባ ሲል እውነት አለቀበት። ገጹ ዛሬ ከሰመጠ የዓመቱ ሥራ ቀረ ማለት ነው። ቁርስ ላይ ሚስቱን ለመናት።

«የቱዬ፣ ያልነገርሽኝ ነገር የለም?»

«አንድ አለ።»

«በይ እስቲ።»

«ለአንተ ነው ለገጹ?»

ደምሰው ስልኩን አየ፤ እሷን አየ። «ለእኔ» አለ።

«እንግዲያው ስልኩን ጓዳ አስቀምጠህ ና።»

አስቀምጦ መጣ።

«ሳንጋባ በፊት ሦስቴ ያመጣሁልህ ጃንጥላ፣ ንፋስ ሰበረው ያልኩህ» አለች ዓይኗን ሻይዋ ላይ ጥላ፣ «ጉልበቴ ላይ አድርጌ እኔው ነኝ የሰበርኩት።»

«ሦስቴም?»

«ቶሎ የሚገባህ መስሎኝ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ።»

ደምሰው እየሳቀ ተነሣ። ከዚህ የሚያምር እውነት በአገሩ ተጽፎ አያውቅም። እግሩ ሳያስበው ወደ ጓዳ አመራ።

«ደሜ» አለችው ቀስ ብላ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተጫናቸው፤ ገጹም ሲሰምጥ ዋለ።