ማን ቀሰቀሰው?

አራሚው ላፕቶፑን እንደገና አስተኝቶ ከወንበሩ ብድግ ከማለቱ ስክሪኑ ቦግ አለ።

«ደግሞ ነቃ!»

«የጌታውን አመል ተምሮ ነዋ፣ ጋሼ» አለች የሚስቱ ታናሽ እህት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የትራስ ልብስ እያጠፈች። «እርስዎስ መቼ ተኝተው ያውቃሉ?»

አልሳቀም። የላፕቶፑ ክዳን ማጠፊያው ከተሰበረ ወዲህ አይዘጋም፤ ስለዚህ በትእዛዝ እንጂ በሌላ መንገድ ሊያስተኛው አይችልም። ትእዛዙን ደግሞ አልሰማ ብሏል።

እርግጥ ዛሬ የከነከነው ላፕቶፑ ብቻ አልነበረም። ሚስቱን ስትሮክ ከመታት ወዲህ እጅና እግሯን የምታለማምዳት ፊዚዮቴራፒስት ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ባለፈው ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሚቀጥለው ስመጣም ቀኝ እጃቸው ላይ ምንም ምልክት ካላየሁ፣ እጁን ትተን በእግራቸው ብቻ ብንቀጥል ይሻላል» ብላዋለች። «እጁን ትተን» የሚሉት ቃላት ከዚያ ወዲህ እንደ ክፉ የኅትመት ግድፈት ዐይኑ ሥር ተደንቅረው ቀሩ። ለእጇ የሚያደርገው ቢያጣ፣ አንድ ነገር ሊያደርግለት የሚችለውን ላፕቶፕ ይዞ ተቀመጠ።

ለኮምፒውተር ጠጋኙ ደወለና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አቤት አባቴ፣ በሽተኛችን እንዴት ዋለ?»

«ያው ናት፤ ምንም ለውጥ የለም።»

«ላፕቶፑን ማለቴ ነው።»

«እ… እሱማ አሻፈረኝ ብሏል። አስተኛዋለሁ፤ ይነቃል።»

«ወዲያው ነው የሚነቃው?»

አራሚው አሰበ። ኑሮው ቃል መመዘን ነውና በደፈናው መመለስ አይሆንለትም። «አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ቆየት ብሎ። የሚብስበት ግን ሥራዬን ከመሐል ሳቋርጥ ነው። የማርመውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ዐይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።»

ሚስቱ ሳትታመም በፊት፣ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማው ነበር። ሐሳቡ ሳይቋጭ ካቆመ በጣቷ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ታደርጋለች፤ «ጨርስ እንጂ» ማለቷ ነው። አሁን አልጋ ላይ ሆና፣ በተከፈተው በር ትስማው አትስማው አያውቅም። ልማዱን ግን አልተወም።

«አባቴ፣ ላፕቶፕ ጆሮ የለውም» አለ ጠጋኙ እየሳቀ። «ይልቅ ያችን ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ይክፈቱልኝ። የምነግርዎትን ይጻፉባት፤ ማን እንደቀሰቀሰው ራሱ ይናዘዛል።»

ጻፈ። መልሱ ወጣ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ መልሶ አውርዶ አነበበው።

«ማውስ ይላል።»

«በቃ! ማውስዎን ነክተውታል።»

«ማውስ አልጠቀምም እኮ። በጣቴ እዚሁ እያንሸራተትሁ ነው የምሠራው። ማውሱን ከተውሁት ቆየሁ።»

«ጎኑን ይዳብሱት እስቲ። ጥፍር የምታክል የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ተሰክታለች?»

ዳበሰ። «አለች።»

«እንግዲያው ማውሱ የሆነ ቦታ በሕይወት አለ። ፈልገው ባትሪውን ያውጡለትና ይገላገሉ።»

አራሚው መሳቢያውን ከፈተ፤ የመጻሕፍቱን መደርደሪያ ሥር አየ፤ የለም። «ያን ግራጫ ማውስ አይተሽዋል?» ሲል የሚስቱን እህት ጠየቃት።

የትራስ ልብሱ እጇ ላይ ቀረ። «አይቆጡኝም አይደል ጋሼ? ፊዚዮቴራፒስቷ የእትዬ ጣቶች እንዳይቆለመሙ መዳፋቸው ሥር ድቡልቡል ነገር አድርጉ አላለችም? የሰጠችን ኳስ አልጋ ሥር እየተንከባለለች አሳረረችኝ። ያ ማውስ ደግሞ ለእሳቸው መዳፍ በልክ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ አይንከባለልም።»

«የትኛው እጇ?»

«ቀኛቸው ነዋ። ግራውማ ደኅና አይደል?»

«ሄሎ? አባቴ? ባትሪውን አወጡት?» አለ ስልኩ። አራሚው ዘጋው።

«ብርድ ልብሷን ስታስተካክዪ ነክተሽው ይሆናል።»

«አሁን? አሁንማ እዚሁ እርስዎን እየነዘነዝሁ አይደለሁ!»

ላፕቶፑን እንደ ሞላ ሣህን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ ገባና አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሚስቱ ዐይኖቿን ገልጣ ተኝታለች። ቀኝ እጇ፣ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል፣ ማውሱ ላይ ተጋድሟል።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

ዐይኖቿ ወደሱ ዞሩ። ከሕመሙ ወዲህ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ላፕቶፑን አስተኛውና ጠበቀ። ምንም የለም። በመንገዱ ከባድ መኪና አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ እንደ ጠቆረ ነው። ታዲያ ማን ነው? አልጋው ነው? ፍራሹ? ወይስ ማሽኑ ሐሰት መናገር ይችላል?

የበሩ ደወል ጮኸ። «መጣች!» አለች እህቷ፣ ልትከፍት እየሮጠች።

ምን ሊላት ነው? ላፕቶፑ ነገረኝ?

ድንገት ጎንበስ ብሎ ላፕቶፑን ራሱ ቀሰቀሰው። የሚያርመውን ገጽ ከፍቶ፣ በደረቀ ድምፅ፣ ያገኘውን አንቀጽ ማንበብ ጀመረ፤ «ሴትዮዋም የወንዙን ዳር ይዛ ብዙ ከሄደች በኋላ፣ ከማዶ የሚጠራትን ሰው ባየች ጊዜ…»

እዚያ ላይ አቆመ። አስተኛው።

የፊዚዮቴራፒስቷ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። እጇን ለማየት አልደፈረም፤ ጥቁሩን ስክሪን አየ። ውስጡ የገዛ ፊቱ አለ፤ ያረጀ፣ ግራ የተጋባ፣ አፉ ገርበብ ያለ።

ፊቱ ጠፋ። በቦታው ያልቋጨው ዐረፍተ ነገር በርቶ ቆመ።