የጭን አጥንቱ ራስ

አጥንት መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ የተኛውን የጭን አጥንት ራስ በመለኪያዋ ያዘችና አርባ ስምንት ሚሊሜትር አነበበች። ባልደረባዋም ጎንበስ ብሎ አየው።

"የወንድ ነው፤ ይሄ አያከራክርም" አለ። የሴት ቢሆን ኖሮ ከአርባ ሦስት ባልበለጠ ነበር።

መርማሪዋ እፎይ አለች። ልጃቸው የጠፋችባቸው እናት ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ውጤቱን እየጠበቁ ነው። ወጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"እማማ፣ አይዞዎት፤ የልጅዎ አይደለም። የወንድ አጥንት ነው።"

እናትየው ፈገግ እንደማለት አሉ። "እንደዚያ እንደምትይኝ ነግራኛለች።"

"ማን ናት የነገረችዎት?"

"ልጄ ናታ። እንደገና ትለካው ብላለች።"

ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግራቸው ብላ አዘነችላቸው። ለእሳቸው ስትል ተመልሳ ገባች፤ በሩን ዘግታ ለካች። አርባ አንድ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ አጥንት አልነበረም። መለኪያ ቀይራ ሞከረች፤ ያው አርባ አንድ። ባልደረባዋን ጠራችው።

"ቅድም አብረን አይደል እንዴ ያየነው?" አለ። መለኪያውን ተቀብሎ እሱም አጥንቱን ያዘበት።

"ሠላሳ ዘጠኝ።"

ሁለቱም ዐይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩት፣ በመለኪያውና በአጥንቱ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍተት ተፈጠረ። ከዚያ እየሰፋ ሄደ።

ከተዘጋው በር ውጭ የእናትየው ድምፅ ተሰማ፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ለስለስ ያለ ነበር።

"በቃ ልጄ፣ በቃሽ። አምነውሻል።"