የጎደለው ሲሶ

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎን መሀል ቆመዋል። እማዬ ወንበር ብታቀርብላቸውም የመጡበትን ጉዳይ ተናግረው መልሱን ሳይሰሙ እንደማይቀመጡ ነግረዋታል። ወጉ ነው። እኔም በወጉ መሠረት ከመጋረጃው ጀርባ፣ ውስጠኛው ክፍል ገብቼ ተደብቄያለሁ። ስለ እኔ እየተወራ እኔ መታየት የለብኝም።

«ልጅዎን ሔራንን ለልጃችን ለብሩክ እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው» ይላሉ የሽማግሌዎቹ መሪ፣ አቶ ኪዳነ ወልድ። ድምፃቸው ለልመና የተፈጠረ ነው፤ ሲሰሙት እንቢ ለማለት ያሳፍራል።

አባዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዘመድ አማክሬ ልመልስላችሁ ይላል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ያመጣል።

«ልጁን በክፉ አላውቀውም። ግን ሦስት ነው ብሎ የላከልኝ ዕቃ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሲሶው የለም። በዕቃ እንዲህ ያደረገ ሰው በልጄ ምን ያደርጋል ብዬ ሰጋሁ።»

ራሴን ይዤ አልጋው ላይ ቁጭ እላለሁ። ዕቃው ሃርድ ዲስክ ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካሜራ ይዞ የሰፈሩን ሰርግ፣ ክርስትናውን፣ ሐይቁ ላይ የሚከበረውን ጥምቀት ሲቀርጽ ይውላል። ከእሱ እኩል ያረጀው ኮምፒውተሩ ስለሞላበት፣ አዲስ ቪዲዮ ለማስገባት የአንዱን ጎረቤት ሰርግ ማጥፋት ጀምሮ ነበር። ብሩክ ፔዳ በሚባለው አካባቢ ኮምፒውተር ይጠግናል። ይህን ከእኔ ሲሰማ ሦስት ቴራ የሚይዝ ዲስክ ላከለት፤ መጥቼ ልግጠምልዎት ብሎም ለመነው። አባዬ ግን ኮምፒውተሩን ሰው አያስነካም። ራሱ ፈታ፣ ራሱ ገጠመ፣ ሁለት ቴራ ብቻ አየና አኮረፈ። ኩርፊያውን ለዛሬ ማቆየቱን እኔም አሁን ገና መስማቴ ነው።

አቶ ኪዳነ ወልድ ዕቃው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ማር ሳይመስላቸው አልቀረም። «የጎደለ ካለ እኛ እንሞላለን» ይላሉ በሙሉ ልብ።

ስልኬን አነሳለሁ። ብሩክ ወደቡ ጋ፣ የዘጌ ጀልባዎች ከሚነሱበት ቆሞ መልስ እየጠበቀ ነው። አባቴ ሌባ እያለህ ነው እለዋለሁ በሹክሹክታ፣ እና የሆነውን እነግረዋለሁ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይነፍሳል።

«ሔሩ፣ ዲስኩ አልጎደለም» ይላል። «አዲስ ዲስክ መጀመሪያ ሲገባ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ በአሮጌው ዘዴ ላዘጋጀው ወይስ በአዲሱ ይላል። አሮጌው ከሁለት ቴራ በላይ መቁጠር አይችልም። አባትሽ አሮጌውን መርጠው ነው።»

ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገኝም። አባዬ ከሁለት ነገር ምረጥ ሲባል አሮጌውን የሚመርጥ ሰው ነው።

እዚሁ ክፍል ጥግ ላይ ያለውን የአባዬን ኮምፒውተር አበራለሁ። ማራገቢያው ወፍጮ ቤት የገባሁ እስኪመስለኝ ይጮኻል። እማዬ ነገሩ ገብቷት ነው መሰለኝ ጩኸቱን ለመሸፈን ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ ማንኳኳት ትጀምራለች። ሽማግሌዎቹም የብሩክን አያት ደግነት ማውራት ይዘዋል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ አያቱ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። አባዬ አኩርፎ አንድም ሰርግ ስላልጫነበት ዲስኩ ባዶ ነው። ብሩክ በጆሮዬ እየመራኝ አባዬ የሠራውን አጠፋለሁ፣ ዲስኩን ወደ አዲሱ ዘዴ እቀይራለሁ፣ እንደገና አዘጋጀዋለሁ። ያረጀው ማሽን ጊዜውን ወስዶ አስቦ ቁጥሩን ያወጣል።

ሁለት ነጥብ ሰባት ሁለት።

«ሦስት አይደለም» እላለሁ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ብሩክ ግን ይስቃል። ፋብሪካውና ኮምፒውተሩ በአንድ ቁና አይሰፍሩም ይለኛል፤ የኮምፒውተሩ ቁና ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

መጋረጃው ይገለጣል። አባዬ ነው። የማሽኑን ጩኸት ከየትም ቢሆን ያውቀዋል። መነጽሩን አድርጎ ከኋላዬ ይቆማል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን።

ብናገር አባቴን በሽማግሌ ፊት ማሳፈሬ ነው። ዝም ብል ብሩክ ውሸታም ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

«አባዬ» እላለሁ በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ፣ «ዲስኩ ሙሉ ነው። መጀመሪያ ሲጠይቅህ አሮጌውን መርጠህ ነው።»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነባል። ከዚያ አልጋው ላይ የጣልሁትን ስልክ ያያል፤ የብሩክ ስም በርቶበታል። ሲያነሳው ሊዘጋው ነው ብዬ እሳቀቃለሁ። ወደ አፉ ያስጠጋዋል። አባዬ ስልክ ላይ ሲያወራ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ዛሬም አልተወም።

«ብሩክ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ግን አሁንም ሦስት አልሞላም። ቀሪው የት እንደገባ ራስህ መጥተህ ታስረዳኛለህ።»

ብሩክ አሁኑኑ ልምጣ ሳይል አልቀረም።

«ዛሬማ ወጉ አይደለም» ይላል አባዬ። «ቀለበቱን ካሰራችሁ በኋላ ነው እንጂ።»

ያለውን ነገር የሰማው ራሱም ዘግይቶ ነው። ስልኩን እንደያዘ ወደ መጋረጃው ዞር ይላል። ሳሎን ውስጥ ወሬው ተቋርጧል። ቀጥሎ ሦስት ወንበሮች ሲሚንቶውን እየፋቁ ይሳባሉ።