በደረጃው

ፌምከ የአባቷን የሬሳ ሣጥን ፎቅ ላይ መገጣጠሟ ስሕተት ነበር። በርካሽ የገዛችው የጥድ ሣጥን በአምስተርዳም ቤታቸው ጠባብ ደረጃ አላልፍ አለ።

«ከጣሪያው ጫፍ ካለው የዕቃ ማውረጃ መንጠቆ ላይ በገመድ አስረን እንደ ሶፋ በመስኮት እናውርደዋ» አለ ጎረቤታቸው ዮስት።

«ባሌ ሶፋ ነው እንዴ? በበሩ ነው የሚወጣው!» አለች እናቷ። ከዚያ ሣጥኑን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አዳመጠችው። «ለመሆኑ ሕጉ ሣጥን ግድ ይላል?»

«አይልም እማዬ። ጨርቅም ይበቃል።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ገዛሽ?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ።»

«በይ ፍቺውና የመጽሐፍ መደርደሪያ አድርጊው።»

እናቷ የአልጋውን ብርድ ልብስ ሳበች። አባቷን በእሱ ጠቅልለው ሲያወርዱት ደረጃው አላስቸገረም። እናቷም የባሏን ትራስ በብብቷ ይዛ ተከተለቻቸው፤ ወጣችና በሩን ዘጋች።