የካርቶን ቀንድ

ጀርመን አገር ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባ ቀን ቁመቱን ሊያክል ምንም የማይቀረው የካርቶን ቀንድ ታቅፎ ይሄዳል። ቀንዱን ቸኮሌትና ከረሜላ የሚሞሉት ወላጆቹ ናቸው። የናርዶስ እናት ይህን ወግ የሰማችው ትናንት ከጎረቤቷ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ ገና ነው። ቀንዱንስ እንደ ምንም ሠራችው። ልጇ ሳታይ የማስታወቂያ ጋዜጣ እየጨመደደች ጠቀጠቀችበትና አፉን በቀይ ሪባን ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

ጠዋት በር ላይ፣ "ናርዱዬ፣ ፍልሰታ ነው፤ ጾሙ ሳይፈታ እንዳትከፍቺው፣ እሺ?" አለቻት። ጾሙ እስኪፈታ ደመወዙም ይደርሳል።

"እሺ፣ እማዬ።" ናርዶስ መጾም የጀመረችው ዘንድሮ ነው።

ክፍል ውስጥ መምህርቷ አጨበጨበች። "በሉ ልጆች፣ ክፈቱ!"

ቸኮሌቱ በየጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። የናርዶስ ብቻ እንደታሰረ ቀረ። እናትየው ከወላጆቹ ኋላ ቆማ፣ "እመቤቴ፣ የዛሬን ብቻ ሸፍኝልኝ" ትላለች።

"አንቺስ?" አለች መምህርቷ።

"ጾም ላይ ነኝ" አለች ናርዶስ ኮራ ብላ። "ወተት ያለበት ነገር አልበላም።"

"ጎበዝ! ታዲያ ወተት የሌለበትን መርጠን እናወጣልሻለና!" መምህርቷ ሪባኑን ያዘች።

"ኧረ በማርያም!" እናትየው ጮኸች። በአማርኛ ነው፤ ጀርመንኛው ድራሹ ጠፍቶባታል። ወላጆቹ ሁሉ ዞሩ።

ናርዶስ ቀንዱን እንዳቀፈች ወደ እናቷ ሮጠች። የእናቷን አንገት ወደ ታች ሳብ አድርጋ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች፦

"እማዬ፣ ጋዜጣ የጾም ነው የፍስክ?"