አንድ ስም ብቻ

«አሁን ይዩልኝ እማማ፤ አንድ ስም እጽፋለሁ፣» አለች ፀሎት ላፕቶፑን ወደ አያቷ እያዞረች።

እማማ ዘመነች መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ወልውለው ጠጋ አሉ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ልጅቷ ነገ ሶፍትዌር ለሚሠሩ ባልደረቦቿ የምትሰጠውን ትምህርት በእሳቸው ላይ ትለማመዳለች። «ለእርስዎ ከገባ ለማንም ይገባል» ብላ ነው ያስቀመጠቻቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋልና ደስ ብሏቸው ነው የተቀመጡት።

«የተለመደው ዳታቤዝ ሠንጠረዥ ነው። እንደ ቀበሌ መዝገብ ይበሉት። ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ለማወቅ አንዱን መዝገብ ከሌላው ማመሳከር ነው። የጓደኛ ጓደኛ፣ የዚያም ጓደኛ እየተባለ ሲኬድ ይከብዳል። ግራፍ ዳታቤዝ ግን ግንኙነቱን ራሱን ያስቀምጠዋል። ክቡ ሰው፣ መስመሩ ግንኙነት።»

«እንደ ሰፈር ወሬኛ በይኛ! እከሌ የእከሌ አማች፣ እከሊት የእከሌ ጎረቤት...»

«ይኸው ገባዎት! ነገ እርስዎን ነው ይዤ የምሄደው።»

ፀሎት እየሳቀች «ዘመነች» ብላ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።

አንድ ክብ ብቅ አለ። ከክቡ መስመሮች ወጡ፤ በየመስመሩ ጫፍ ሌላ ክብ፣ ከዚያም ሌላ። እማማ ዘመነች ማንበብ ጀመሩ። ደግፌ። ኮከብ። ሆሳዕና። ያደሳና ሚስቱ ሀዊ። ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ሳሎን ለጸሎት የሚሰበሰቡት ናቸው። ከእነሱ ባሻገር ደግሞ ዘነበወርቅ ሰፈር የሚጸልዩት፣ ከዚያም እሳቸው ጭራሽ የማያውቋቸው።

«የኛ ሰዎች ናቸው እኮ!»

«ለማሳያ እንዲሆነኝ ነዋ። ማን በማን ቤት እንደሚጸልይ ከቸርች ግሩፕ ላይ ነው የወሰድኩት። አያምርም? አንድ ስም ብቻ ይስጡት፤ ሌላውን ራሱ ያገኘዋል።»

እማማ ዘመነች መነጽራቸውን አወለቁ።

ይህን ቃል ያውቁታል። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታሸግ በየሰው ቤት ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ስም አይጠያየቁም፤ እህት፣ ወንድም ነው በቃ። ጫማ ደጅ አይተዉም፤ ያየ ሰው ስንት እንደሆኑ እንዳያውቅ አቅፈውት ይገባሉ። አብሯቸው ይጸልይ የነበረውን በየነን ግን የደርግ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱሱን እንደያዘ መንገድ ላይ አገኙት። ውስጥ እግሩን እየገረፉ የለመኑት ትንሽ ነገር ነበር። «አንድ ስም ብቻ ስጠን፤ ሌላውን እኛ እናገኘዋለን።»

በየነ የሚያውቀው አንድ ስም ነበር። ዘመነች። አልሰጣቸውም። ተፈትቶ ካገባቸው በኋላም እስኪሞት ድረስ በእግሩ ጠርዝ ነበር የሚራመደው።

«አጥፊው፣» አሉ።

«ምኑን?»

«ይሄን። ሁሉንም።»

«እማማ ደግሞ! አሁን ጸለያችሁ ብሎ ማን ያስራል? ለትምህርት እኮ ነው።»

«ማን እንደሚያስር አላውቅም። ነገ ማን እንደሚመጣም አላውቅም። የሚያስፈራኝ አለማወቄ ነው። አጥፊው የኔ እናት፣ አጥፊው።»

ፀሎት ልትስቅ ብላ ቀና ስትል ፊታቸውን አየች። ያን ፊት የምታውቀው ልጅ ሆና የአያቷን የበየነን እግር በለብታ ውኃ ሲያጥቡ ነው።

«እሺ፣ እሺ። ስሙን ልቀይረው።» ጣቶቿ ተጣደፉ። ስሞቹ አንድ በአንድ ጠፍተው ቁጥር ሆኑ። «ይኸው፤ አሁን ማንም አይታወቅ...»

አልጨረሰችውም። መሃል ያለው ክብ ስም የለውም፤ መስመሮቹ ግን አሁንም ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚመጡት። የሰፈሩ ሰው ቢያየው ማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ስም አያስፈልገውም።

«ያው እርስዎ ነዎት፣» አለች ለራሷ ያህል።

ከዚያ በኋላ ማንም አልነገራትም፤ ሁሉንም ደመሰሰችው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

«በታክሲ እሠራዋለሁ። ሳንሱሲ፣ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ዘነበወርቅ። ፌርማታው ክብ፣ መንገዱ መስመር። ፌርማታን ማንም አያስርም።»

«ተመስገን ጌታዬ።» እማማ ዘመነች ወንበሩ ላይ ለቀቅ አሉ። ወዲያው ግን ተመልሰው ቀጥ አሉ። «ለማንም አላሳየሽውማ?»

ፀሎት የላፕቶፑን ክዳን በጣቷ ዳሰሰች።

«አብሮኝ ለሚሠራው ለአምላኩ ብቻ። ስህተት ካለው እንዲያይልኝ ጠዋት ላኩለት።»

«አምላኩስ ለማን አሳየው?»

ስልኳን አንስታ ደወለች። ይጠራል። አይነሳም። እንደገና ደወለች።

ውጭ የግቢው በር ተንኳኳ፤ እማማ ዘመነች ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ቤቶች! ጌታ ይባርካችሁ!» የሚለው የደግፌ ድምፅ ነው። ሐሙስ ነው ለካ። ዝናቡ የመታቸው ሰዎች እየተሳሳቁ ጭቃማ ጫማቸውን በጣራው ክፈፍ ሥር አውልቀው ገቡ። እማማ ዘመነች እየሳሙ አሳለፏቸው፤ ሲያልቁ ግን በሩን አልዘጉም። ጎንበስ አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ጭቃ ነው፣ ይተዉት!» አለ ያደሳ ከውስጥ። «ሌባ ፈርተው ከሆነ የኔን ጫማ የሚሰርቅ ይጸለይለት!»

ሳሎኑ ሳቀ። እሳቸው አልሰሙም። ጫማውን ጥንድ በጥንድ ደረታቸው ላይ እየደረደሩ ያስገባሉ፤ ነጠላቸው በጭቃ ተለወሰ።

ፀሎት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወጣች። አሁንም ይጠራል። መንገዱን ግራ ቀኝ አየች፤ የቀረውን የሀዊን ጫማ በአንድ እጇ አነሳችና ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።