ቀይዋ ካሬ

ለአንድ ቤት የሚታደለው የምስል ጥራት ውስን ነው። በእኛ ቤት የልጄ የሔመን የእጅ ጌምና ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ የማይበት መነጽር ይካፈሉታል። ጌሙ ጥርት ሲል መነጽሬ ይደበዝዛል። ዓይኔ የጠፋው እሷን ሳልወልድ ስለሆነ ልጄን የማውቃት በጭጋግ ውስጥ ነው። መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝም እሷው ናት።

ዛሬ የሹራቧን ቁልፍ ልሰፋላት ስቀመጥ ክሩ ራሴው ገና ስሞክረው ገባ። ደነገጥኩ።

«ሔሙዬ፣ ጌሙን ተውሽው እንዴ?»

«ኧረ እየተጫወትኩ ነው፣ እማ!»

ሄጄ ጌሟን አየሁት። የምትወደው ጫካ የለም፣ ወንዙም የለም። ስክሪኑ ላይ ካሬዎች ብቻ ይሯሯጣሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥራቱን ዝቅ አደረግኩት። እንደውም ፈጠነልኝ! ቀይዋ ካሬ እኔ ነኝ፣ ቡናማው ፈረሴ ነው። አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

ተመስገን ብዬ፣ ልመርቃት ጎንበስ ስል ፊቷ ጥርት ብሎ ታየኝ። ከግራ ዓይኗ ሥር ያለውን ጥቁር ነጥብ በጣቴ ነካሁት።

«ማርያም ስማሻለች እኮ!» አልኳት።

ጨዋታዋን አቁማ ቀና አለች።

«እስከዛሬ አታውቂም ነበር?»